አይነፋም፣ ይማጋል

አከራዬ ሲሳደቡ መስማት ያሳዝነኝ ነበር። የሚያሳዝነኝ ስድቡ አይደለም፣ መቆራረጡ ነው። እንጅባራ በገባሁ ሰሞን አንድ ጠዋት የግቢውን በር ሳልዘጋ ወጥቼ የጎረቤት በግ ጎመናቸውን ግጦት ኖሯል። ከሥራ ስመለስ ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ይህን በር...» አሉና ግድግዳውን ተደገፉ። ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ወጣ፣ ወረደ። «...ዝጊ ብየ...» እንደገና አረፉ። ደረታቸው ውስጥ የሆነ ነገር ሲር ሲር ይላል። «...አልነገርሁሽም?» እስኪሉ ድረስ እኔ ይቅርታ ጠይቄ፣ የተረፈውን ጎመን አይቼ፣ በሩን ዘግቼ ተመልሻለሁ። ስድቡ ገና መግቢያው ላይ ነበር። የቀረውን በእጃቸው ወዲያ ብለው ተዉትና ገቡ።

የሰፈሩ ሰው እንደነገረኝ እኚህ ሴት ድሮ ሌላ ነበሩ። እድር ላይ የዘገየ ሰው እሳቸው ካሉ በጓሮ ዞሮ ነው የሚገባው። ዝናብ አገተኝ ያለም፣ ከብት ጠፋብኝ ያለም ከአፋቸው አያመልጥም። በአማርኛ ጀምረው በአዊኛ ይጨርሳሉ፤ ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ሁለት ጊዜ ይሰደባል። ሰው ግን ይወዳቸዋል። ሰድበው ሲያበቁ ጎትተው አስገብተው ያበላሉ አሉ።

አሁን አስሙ አንደበታቸውን ይዞታል። ቻግኒ የሚኖረው ልጃቸው ደግሞ ነገሩን ቆርጦታል፤ ከመስቀል በኋላ መኪና ይዞ ይመጣል፣ ዕቃቸውን ጭኖ እናቱን ቆላ ያወርዳል። ለቤቱም የሚገዛ ሰው ተገኝቷል። የእንጅባራ ብርድ ለአስም አይሆንም፣ የሚያድነው ቆላ ነው፤ ይህን ባለሱቁም፣ የንስሐ አባታቸውም፣ ያከማቸው ሐኪምም ብሏል። እሳቸው ግን መሄድ አይፈልጉም። «እዚያ ወርጄ... ማንን ልሰድብ ነው?» አሉኝ አንድ ቀን። ሊያስቁኝ ፈልገው ነበር፤ ዓይናቸው ግን ጓሮ ካለው የኮሶ ዛፍ ላይ አልተነሣም። የተከሉት ባለቤታቸው ናቸው፣ የተቀበሩትም ከዚያው ዝቅ ብሎ ካለው ቤተ ክርስቲያን ነው።

እኔ ከዳንግላ ተዛውሬ የመጣሁ ነርስ ነበርኩ። ጤና ጣቢያው የመደበኝም የስኳር፣ የደም ግፊትና የአስም ሕመምተኞች በየወሩ የሚመላለሱበት ክፍል ነው። ስለዚህ የአከራዬ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። የአስም ነርስ ቤታቸው ተከራይታ እያለች በአስም ምክንያት ከቤታቸው ሊነቀሉ! መድኃኒት የላቸውም እንዳልል አላቸው። ሰማያዊዋ ፓፍ፣ ያቺ ሲጫኗት ጭጋግ የምትረጭ ትንሽ ዕቃ፣ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥራ አትለያቸውም። በደህናውም ቀን ጠዋትና ማታ የሚወሰደው ቡናማውም አላቸው። ሁለቱም ቶሎ ቶሎ ያልቃሉ፣ ሕመሙ ግን ፈቀቅ አላለም። ሲወስዱ አይቻቸው አላውቅም። ሲያፍናቸው ጓዳ ገብተው መጋረጃውን ይጋርዳሉ። አስም እንደ ነውር ነበር የሚታየው፤ በዘር ይሄዳል ስለሚባል አስም ካለበት ቤት ልጅ ለማጨት እንኳ ሰው ያመነታል። ስለዚህ ሁሉም «ብርድ መታኝ» ይላል እንጂ «አስም አለብኝ» አይልም።

ነሐሴ ላይ ነው፣ ማለዳ። ጉሙ ከዘንገና ሐይቅ በኩል ወርዶ የግቢውን በር ሸፍኖታል። እኔና አከራዬ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ድንች እንለቅማለን፤ የበሰበሰውን ወዲህ፣ ደህናውን ወዲያ። የበሰበሰው ክምር ሽታ ይሁን ብርዱ እንጃ፣ በድንገት አፈናቸው። ሊነሱ ሞከሩና ተመልሰው ተቀመጡ። ጓዳው ሩቅ ሆነባቸው። ፊታቸውን ወደ ጉሙ አዙረው የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈቱ፣ ሰማያዊዋን አፋቸው ላይ አደረጉ፣ ጉንጫቸውን ወጠሩና አልያዝ ያለ እሳት እንደሚነፋ ሰው እፍፍ ብለው ተጫኑት። ነጩ ጭጋግ በከንፈራቸው ዳርና ዳር ወጥቶ ጉሙ ውስጥ ጠፋ። እንደገና ነፉ። እንደገና ጠፋ።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው።

«እየነፋሁ... ነዋ። ንፊው... አላችሁኝ... እኮ።»

እውነታቸውን ነው። ብለናቸዋል። የመድኃኒቱ ስም ራሱ በእኛ አገር «የሚነፋ» ነው። ክኒን ይዋጣል፣ መርፌ ይወጋል፣ ይህ ደግሞ ይነፋል፤ ፋርማሲው እንደዚያ ይላል፣ ሐኪሙም እንደዚያ ይላል፣ እኔም ስል ኖሬያለሁ። በአማርኛ ደግሞ እሳት ይነፋል፣ ኳስ ይነፋል፣ መለከት ይነፋል፤ ሁሉም ትንፋሽ ከአፍ ወደ ውጭ ነው። አከራዬ የተባሉትን ነው ያደረጉት። ያውም አሳምረው።

«አይነፋም! ይማጋል! ወደ ውስጥ!» ብዬ ተነሣሁና ወደ ክፍሌ ሮጥኩ። አንድ ባዶ የሃይላንድ ውሃ ፕላስቲክ አገኘሁ። ሥልጠና ላይ አንዴ እንዳሳዩን የፕላስቲኩን ቂጥ በቢላ ቀድጄ ፓፏን ሰካሁበት፣ አፉን ለእሳቸው ሰጠሁ። እኔ ስጫን ጭጋጉ ሃይላንዱ ውስጥ ታጎረ፣ የሚያመልጥበት የለም። «ቀስ ብለው ይማጉት። ይያዙት። አሁን ያውጡ። እንደገና።» ካልተሻላቸው ባጃጅ ጠርቼ ይዣቸው ልሄድ ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌያለሁ፤ ኔትወርክ ግን እንደ ልማዱ የለም።

ጥቂት ቆይቶ ትከሻቸው ወረደ። ሲር ሲር የሚለውም ድምፅ እየቀጠነ ሄደ። ወደ እኔ ዞሩና፦

«አንች ልጅ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ እኔ መድኃኒቱን ለጉሙ ነው እንዴ ስሰጠው የኖርሁት?» አሉኝ።

ሳያርፉ! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር! የእሳቸውን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ደስታዬን ምን ላድርገው፤ ድንቹን በትኜ አቀፍኳቸው። «ጉሙማ ሳይድን አይቀርም» ስላቸው ሳቁ፣ ሲስቁም አላፈናቸውም። ቁርስ ሳልበላ፣ በሩንም ሳልዘጋ፣ በጭቃው እየተንሸራተትኩ ጤና ጣቢያ ደረስኩ።

የዚያን ቀን ወደ ክፍሌ የገባውን የአስም ሕመምተኛ ሁሉ እንዴት ነህ ከማለቴ በፊት «እስቲ ሲወስዱት ያሳዩኝ» አልኩ። ወይ ጉድ! አንዷ ነፋች። ሌላው ጡሩንባ የያዘ ይመስል ሁለት እጁን አድርጎ ነፋ። ንጹሕ አማርኛ የሚናገር ጡረተኛ የመንግሥት ሠራተኛ በትንሹ፣ በጨዋ ደንብ ነፋ። ከገጠር የመጡት ደግሞ ባሰባቸው፤ እኛ በአማርኛ «ይንፉት» ያልነውን አብሯቸው የመጣ ሰው በአዊኛ ሲተረጉምላቸው እሳት እንደሚነፋ ብሎ አብራርቶላቸው ነበር። ሁሉንም የበለጠው ግን ከጥርባ በኩል የመጣ ከሰል አክሳይ ነው። ፓፉን አውጥቶ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ የክፍሌ በር ላይ እስስስ አደረገው።

«ምን ማድረግህ ነው?» ስለው፦

«ብርዱ የሚገባው በበር ነው ሲስተር» አለኝ ረጋ ብሎ። ብርድ ነው የመታህ ተብሏል፣ የሚነፋ መድኃኒት ተሰጥቶታል፤ እሱም እንደ ፍሊት ቆጥሮት ማታ ማታ የቤቱን በር እየረጨ ነው የሚተኛው። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወጥቼ ተመለስኩ። እሱም ነገሩ ሲገባው ከእኔ ይበልጥ ሳቀ።

ያን ሰሞን ሰው ሁሉ ያበድኩ መስሎት ነበር። ግድግዳችን ላይ ከተለጠፈው ወረቀት «የሚነፋ» የሚለውን ሰርዤ «የሚማግ» ብዬ ጻፍኩ። ፋርማሲ ሄጄ ባለሙያዋን እንደ ሕፃን «በይ፣ ይማጋል በይ» አስባልኳት። ኃላፊያችን ዝግ ያለ ሰው ነው፤ ጠርቶኝ «ቃል ስለተቀየረ በሽታ ይድናል እንዴ?» አለኝ። «አይድንም፤ መድኃኒቱ ግን ሳንባ ይደርሳል» አልኩት። እሱም «እዚህ የሚመጡት ጥቂቶች ናቸው፤ የማይመጡትንስ ምን ልታደርጊ ነው?» አለ። ልክ ነበር፤ በንዴት ተነሥቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ንዴቱ ወደ ሌላ ተለወጠ። የማይመጣው ሰው ሁሉ የሚመጣበት ቦታ እድር ነው። የእድሩን ሰው ደግሞ ከአከራዬ በላይ የሚያውቀው የለም።

እድሩ ፊት ቆመው እንዲያሳዩ ስለምናቸው መጀመሪያ እምቢ አሉ። «እኔ በሰው ፊት? ምን ሁነሻል አንች?» አሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ቻግኒ ለትዳር መድረሳቸውንም ነገሩኝ። ነውሩ እውነት ነበር። በረንዳው ላይ ድንቼን መላጥ ቀጠልኩ። እሳቸውም የጓሮውን ኮሶ አዩና «መስቀል መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ቀርቧል አልኳቸው። «እንግዲያማ ሰንበት እንሄዳለን» አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ ሰው ተሰብስቧል። አከራዬ ቆሙ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ሰው የጥንቱን ስድብ ጠበቀ። «ብርድ አይደለም የመታኝ» አሉ። «አስም ነው። ይኸው ስሙን ጠራሁት።» ከዚያ ሃይላንዱን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው በአደባባይ፣ በቀን ብርሃን ማጉት። የሚሰማው የትንፋሻቸው ድምፅ ብቻ ነበር። ቀጥለው በአዊኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ፣ ሰዉም በሳቅ ፈረሰ። እኔ አዊኛ አልሰማም፣ ግራ ገብቶኝ አብሬ ሳቅሁ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ ጥጃ እንዴት እንደሚጠባ አይታችሁ የለም ወይ፣ ጥጃ ጡት ላይ እፍ ይላል ወይ ብለው ነው። በአማርኛ ስንት ቀን ያስለፋኝን ነገር በአንድ ጥጃ ጨረሱት።

ሳቁ ሳያባራ ከኋላ አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ ከኮቱ ኪስ ፓፉን አወጣ። ጎረቤቶቹ አፍጥጠው አዩት፤ አብሯቸው ሲያርስ፣ ሲቀብር፣ ሲድር የኖረ ሰው ነው። ከሴቶቹ መካከል አንዲት፣ ሌላም፣ ሌላም። ይህን ያህል ሰው በየመጋረጃው ኋላ ሲነፋ ኖሯል! እድሩም እዚያው ወሰነ፤ በየጎጡ አጠቃቀሙን የሚያሳይ አንድ ሰው እንዲመረጥ፣ የተቀደደ ሃይላንድም ከእድሩ ድንኳን ጋር እንዲቀመጥ፣ ለቅሶ ላይ ሰው ቢታፈን እንዲደርስ። ወደ ቤት ስንመለስ አከራዬ በመንገድ ሁለቴ ብቻ አረፉ፤ አንዱም ሰው ለመሳደብ ነው።

ከእሳቸው ጋር የተጣላሁት ግን በዚያው ሳምንት ነው። ነገሩ የማንደጃው ነው። ብርዱን እፈራለሁ እያሉ የከሰል ማንደጃ መኝታ ክፍል አስገብተው፣ መስኮቱን በጨርቅ ወትፈው ይተኛሉ። ይውጣ አልኩ። «ከሰሉ... ምን አደረገሽ?» አሉ። ዓረፍተ ነገሩ ሲቆረጥ ሰማሁትና ማንደጃውን አንሥቼ ራሴ አወጣሁት። ሁለት ቀን አላናገሩኝም። በሦስተኛው ጠዋት በሬን አንኳኩተው «መኝታ ክፍሉ በርዶኛል» አሉኝ፣ ተቆጥተው፤ ግን ሳያርፉ ነው ያሉት። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ሰጠኋቸው፣ ማንደጃውም በረንዳ ላይ ቀረ። ቡናማውንም ከማተባቸው ቀጥሎ የሚያስታውሱት ነገር አደረጉት፤ ጠዋትና ማታ ከጸሎታቸው በፊት ይምጉታል።

ከሰሉ የእሳቸው ብቻ ነገር አልነበረም። በዚያ ዘመን በአካባቢያችን ዲከረንስ የሚባለው ቶሎ የሚደርስ የከሰል ዛፍ ማሳውን ሁሉ ወርሶት፣ ከጥርባ እስከ ዘንገና ያለው ገበሬ ከሰል አክሳይ ሆኗል። ከሰል ተዉ ብል ከእነ ፓፌ ያባርሩኝ ነበር፤ ኑሯቸው ነው። ያ በሩን ሲረጭ የኖረው ሰውዬ አክሳዮቹን አሰባሰበልኝና ተነጋገርን። ከሰሉ የሚከስልበት ክምር ከመኖሪያ ቤት ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ ወደ ቤት በማይነዳበት በኩል እንዲሆን፤ ክምሩ ሲከፈትም አስም ያለበት ሰው እንዲርቅና ሌላው እንዲከፍትለት ተስማሙ። ሁሉም አልፈጸመም። እሱ ግን ክምሩን ከደጁ አንሥቶ ከወንዙ ማዶ ወሰደ፤ ሚስቱ ልብሴ ጭስ ጭስ ማለቱን ተወ ብላ መርቃኛለች።

አንድ ቀን ለሥራ ጥሊሊ ወርጄ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ስመርጥ፣ ከማላውቃቸው ሁለት ሴቶች አንዷ ለሌላዋ «አይነፋም እኮ! ይማጋል። እንደ ጥጃ» ስትል ሰማሁ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እኔ ጥሊሊ ላይ ለማንም አስተምሬ አላውቅም። ቃሉ ብቻውን፣ ምናልባት በሚኒባስ፣ ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። ባለሽንኩርቷ ትወስጂ እንደሆን ውሰጂ አለችኝ። በደስታ ብዛት ከሚያስፈልገኝ በላይ ገዛሁ።

መስቀል አልፎ በሳምንቱ ልጃቸው መጣ። ትልቅ የጭነት መኪና፣ ገመድ፣ ሸራ፣ ሁሉንም አሟልቶ። ትሑት ሰው ነው፣ እናቱን ጉልበታቸው ላይ ተደፍቶ ሳመ። ቀኑን እየፈራሁ የጠበቅኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ተረጋግተዋል።

«እማ፣ ተሰናድተሻል?» አላቸው።

«አልሄድም ልጄ።»

«ባለፈውም ዓመት ተሽሎኛል ብለሽኝ ነበር። ክረምት ሲመለስ በስልክ ትንፋሽሽን ብቻ ነው የሰማሁት። ዘንድሮ ጥየሽ አልሄድም። ብትሞችብኝስ?»

ድምፁ ተሰበረ። እኔ ስለ ፓፉ፣ ስለ ሃይላንዱ፣ ስለ ማንደጃው ላስረዳው ጀመርኩ፣ አብዝቼም ሳላወራ አልቀረሁም። በአክብሮት ሰማኝ፤ ግን እንዳላመነኝ ፊቱ ላይ አየሁ። ምን ያድርግ፣ ቆላ ነው የሚያድነው ሲባል የኖረውን አንዲት ተከራይ በሃይላንድ ልታስተወው? ለሹፌሩ በእጁ ምልክት ሰጠው። መኪናው ጢሱን እየለቀቀ ወደ ኋላ ወደ ግቢው መግባት ጀመረ። አከራዬ አንገታቸውን ደፉ። እውነትም ያለቀለት መሰለኝ።

ያን ጊዜ የመኪናው ቂጥ የአጥሩን ምሰሶ ገጭቶ ጣለና በጎመኑ ላይ ተሳፈረ።

«አንተ ሰውየ!» ብለው ተነሡ አከራዬ። «ዓይንህን ግንባርህ ላይ ነው ማጅራትህ ላይ ያበቀልኸው፣ አጥር ነው ብለው ያጠሩት የሞቱት ባለቤቴ ናቸው፣ አንተ ገና እናትህ ሳትታጭ የቆመ ምሰሶ ነው፣ ጎመኑን በግ በልቶት እንደገና ያበቀልሁት ለጎማህ አይደለም፣ አንተም ልጄ ቁመህ አትየኝ፣ ሹፌር ስትቀጥር መንዳት ይችላል ወይ ብለህ አትጠይቅም፣ ይህን ቆመጥ ይዘህ መጥተህ ነው እኔን ቻግኒ ድረስ የምታስጭነኝ፣ መንገድ ላይ ገደል ከምገባ እዚሁ ብርዱ ቢገለኝ ይሻለኛል፣ ወደ ፊት ንዳ አልሁህ፣ ወደ ፊት፣ ፊት ማለት በአማርኛም በአዊኛም ፊት ነው!»

ወደ አዊኛው ተሻገሩ። ሹፌሩ መሪውን ይዞ ፈዝዟል። ልጃቸው ግን ሹፌሩንም አጥሩንም አያይም፤ የእናቱን አፍ ነው የሚያየው። የት ላይ እንደሚያርፉ ይጠብቃል፤ እኔም እጠብቃለሁ። አላረፉም። ጎረቤቶች አጥር ላይ ተደርድረው የጥንቷን ሴት ሰሙ፣ አንዱም እልል ሊል ምንም አልቀረውም። ልጃቸው ቀስ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ እንባው በጉንጩ ወረደ፣ እየሳቀ።

ስድቡ ሲያልቅ ጎትተው አስገብተው አበሏቸው፣ ሹፌሩን ጭምር። ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ሸራውን ዘርግቶ ለሹፌሩ «ድንቹን ጫን» አለው። መኪናው የበረንዳውን ድንች ይዞ ወደ ቻግኒ ወረደ። እኔ እስኪሰወር ድረስ መንገዱ ላይ ቆሜ እጄን አውለበለብኩ፣ ደስታዬ አቁነጥንጦኝ ዘልዬም ነበር መሰለኝ።

ዞር ስል አከራዬ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ከኋላቸው የጎረቤት በግ ከጎማ የተረፈውን ጎመን ይግጣል። የግቢውን በር ክፍት ትቼዋለሁ። አከራዬ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ፣ ረጅሙን፣ እኔም ቀጥ ብዬ ቆምኩ።